አደንጓሬ ሲሰጡሽ

የዚያን ሳምንት ሥራዬ ሽቦ መቅበር ነበር። የመሬት አሳማ የሚሉት፣ ድመት የሚያክለው ቆፋሪ አውሬ አጥር አይዘልም፤ ከሥር ቆፍሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ በአጥሩ ዙሪያ ቦይ ይቆፈርና ሽቦው ተቀብሮ ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፋል። አውሬው ሲቆፍር ጥፍሩ ሽቦ ላይ ያርፍና ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ይሄዳል ይባላል እንጂ የኛው ተስፋ የሚቆርጥ ዓይነት አይደለም። ሥጋ ከሚጨስበት አሮጌ ጎጆ ሥር ጉድጓዱን ምሶ፣ ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላጣዬን ሲቆረጥም በመስኮት አየዋለሁ።

እናቴ ኢዴል በመስከረም ከሞተች ወዲህ በሸለቆው ጫፍ የቀረነው ሁለት ቤት ነን፤ እኔና አክስት አርዜላ። ዝምድና የለንም፤ ሸለቆው በሙሉ አክስት ነው የሚላቸው።

«ቦዩን በጣም ጥልቅ አደረግሽው እኮ ሌቲ። ለሱ ነው ወይስ ለራስሽ?» አሉኝ፣ ክርናቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው።

«ለሁለታችንም ይበቃል።»

«ባሕር ተሻግረሽ ኤድንብራ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይሄን ነው?»

«እዚያ የተማርኩት ቦዩ ይበቃ እንደሆነ መጠራጠር ነው።»

ሳቁ። የሰው ሳቅ ከሰማሁ ሰንብቼ ስለነበር ዶማዬን ትቼ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላለ ልጃቸው ኖሪን ሰኞ መጥታ ኦሃዮ፣ ዴይተን ትወስዳቸዋለች። ቤቱ ይዘጋል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቸው አልነበረም፤ ስለ አደንጓሬው ነበር።

እናቴ በየዓመቱ የምትተክለው አደንጓሬ ነበራት፤ ቅባት የተቀባ ይመስል ቆባው የሚያብለጨልጭ፣ ከእናቷ የወረሰችው፣ በሱቅ የማይገኝ። በሚያዝያ የዘር ከረጢቷን ከጓዳ አውጥቼ ስፈታው ዱቄት እጄ ላይ ፈሰሰ። ነቀዝ ፍሬውን አንድ ሳያስቀር በስቶ ቅርፊቱን ትቶልኛል። እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አልተከለችም፤ ስለዚህ ያ ዘር የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ አክስት አርዜላ በረንዳ ላይ፣ በባዶ የቡና ጣሳዎች ውስጥ። ድሮ የሰጠቻቸው እናቴ ናት። እሳቸውም ከእንግዲህ አልተክልም ብለው ዘራቸውን በብርዱ ወራት ቀቅለው ሲበሉ ከርመዋል፤ ጣሳ ውስጥ የበቀለው ከድስት የተረፈው ነው።

«አደንጓሬውን ለማን ሊተዉት ነው?» አልኳቸው።

«አንቺማ ሰኔ ላይ እሄዳለሁ ትያለሽ። ለአጋዘን ልስጠው?»

«እስከ ሰኔ ብዙ ነገር ይለወጣል።»

«አደንጓሬ እስከ ጥቅምት ነው፣ ልጄ። ለዘር የሚሆነው ሐረጉ ላይ ሲደርቅ ነው።»

እውነት ነው፣ ሰኔ ላይ እሄዳለሁ ብያለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን ለራሴም አልነገርኩም።

አርብ ከሰዓት ካርቶን ታቅፈው መጡ። የጣሳዎቹ ታች ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቆራጭ ትል ግንዱን እንዳይቀጥፈው ከነጣሳው ነው የሚተከለው። ችግኞቹ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥተዋል። ካርቶኑን እጄ ላይ አኖሩት። እርጥብ አፈር ይሸታል፤ ከባድ ነው። ስንት ወር ሙሉ ከሰው እጅ ምንም ነገር ተቀብዬ አላውቅም ነበር።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። እኔም ወዲያው ገባኝ። እዚህ ሸለቆ ችግኝ ሲሰጡሽ አይመሰገንም፤ ያመሰገኑበት ተክል አይጸድቅም። አንገትሽን ነቅነቅ አድርገሽ ስለ ዝናብ ታወሪያለሽ። በባዕድ አገር በር ለያዘልኝ፣ መንገድ ለለቀቀልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ ስል ኖሬ፣ እኔ ስመለስ አፌ እዚያው ቀርቷል።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ አይደለም።»

«አክስት አርዜላ፣ ቃል አደንጓሬ አይገድልም እኮ።»

«ካልገደለ ታዲያ ምን አስደነገጠሽ?» ካርቶኑን ከእጄ መልሰው ወሰዱት። «የኢዴል ዘር በኔ እጅ አይሞትም።»

«እና ዴይተን ወስደው ፎቅ ላይ ሊተክሉት ነው?»

«የኖሪን ድመት ይንከባከበው!» አሉና እያነከሱ ሄዱ።

ሽቦዬን እንደተዘረጋ ትቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ያረጀ ሰው ግትርነት ነው አልኩ። ቀጥሎ በራሴ ሳቅኩ። በነገሩ አላምንም፤ ግን የማላምንበት ከሆነ ቃሉ እንዳመለጠኝ ምላሴን ለምን ነከስኩ? እዚያ ሳለሁ የዚህ አገር ሰው ነበርኩ፤ እዚህ ስመጣ የዚያ ሆንኩ። ይህን ለእናቴ ብነግራት ትስቅ ነበር። ስሟ ስልኬ ላይ አሁንም አለ። ከፍቼ አይቼው መልሼ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የአክስት አርዜላ ድምፅ ከበረንዳቸው መጣ፤ ለሰው ከሚነገረው በላይ ጮክ ያለ።

«ስማኝ አንተ ባስተር!» ይሉታል ውሻቸውን። «ነገ እስከ ቀትር ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ጣሳዎቼ እዚሁ በረንዳ ላይ ናቸው። ሌባ ቢመጣ እንዳትነክሰው፤ ደግሞም በምን ጥርስህ! የተሰረቀ አደንጓሬ ከሁሉም አብልጦ ይጸድቃል ይላሉ፤ እኔ እንጃ፤ ሰርቄ አላውቅም። ሰምተሃል?»

ባስተር ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል። እኔ ግን ሰማሁ።

እሁድ በጠራራ ፀሐይ ሄድኩ። አጥሩን ዘለልኩ፤ በበሩ ብገባ እንግዳ እሆናለሁ እንጂ ሌባ አልሆንም። ውሻው አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየኝና መልሶ ጨፈነ። በመስኮቱ ባዶ መደርደሪያና የታሰሩ ዕቃዎች ይታያሉ። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች የነበሩበት ቦታ ነጣ ነጣ ብሏል። ብዙ ማየት አልፈለግኩም። ካርቶኑን አነሳሁ፤ ታቅፌው መዝለል ስላልቻልኩ በመንገዱ ዞርኩ። ከሸለቆው ታች የሚኖረው፣ በየእሁዱ ለቤተ ክርስቲያን የሚያረፍደው ሆባርት በጭነት መኪናው ደረሰብኝ።

«ሌቲ! ስብከቱ አመለጠሽ። ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«የአክስት አርዜላን አደንጓሬ እየሰረቅኩ ነው።»

ካርቶኑን አየ፣ በረንዳውን አየ፣ ኮፍያውን ወደ ቅንድቡ ሳብ አደረገ። «እኔ ያየሁት የአጥር እንጨት ነው» አለ። «እግዚአብሔር ራሱ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።» መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሰኞ ኖሪን መጣች። ዕቃው ሲጫን አክስት አርዜላ እንደ ልማዳቸው ወደ አጥሩ መጡ።

«ሌባ ገብቶብኝ ነበር» አሉ።

«ምን ወሰደ?»

«ዓይን የሚሞላ ነገር አይደለም።» ከትከሻዬ ባሻገር መደቡን ያያሉ፤ ጣሳዎቹ እስከ አንገታቸው ተቀብረው ተሰልፈዋል። «የእንጆሪ ክረምት የምንለው ብርድ ገና አልመጣም። እንጆሪው ሲያብብ ውርጭ አይቀርም። ያልብሳቸው በይው ሌባውን።»

«እነግረዋለሁ።»

«እማዬ!» አለች ኖሪን የመኪናውን ጥሩምባ እየነፋች።

እጄን ያዙኝ። እጃቸው ደረቅ ነው፤ ቶሎም አልለቀቁኝም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚመጣልኝ፤ ዋጥኩት።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስላል» አልኩ።

«ይመጣል» አሉ።

ሐሙስ እንጆሪው በመንገዱ ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ አበበ። ሰማዩ ጠራ፤ ነፋሱ ቆመ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የቤቱን አንሶላ ሁሉ አውጥቼ ጣሳዎቹ ላይ ዘረጋሁና ጠርዙን በድንጋይ ያዝኩ። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ አንሶላዎቹ በብርዱ ደርቀው እንደ ሰሌን ይንኮሻኮሻሉ። አንዱን ገለጥኩ። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ናቸው። ሌላውንም ገለጥኩ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ወደ አክስት አርዜላ በረንዳ ዞርኩ።

ሐረጉ የሚወጣበት እንጨት ልቆርጥ ወደ ጫካው ሄድኩ። ለጥቂት ሳምንት የሚሆኑ ቀጫጭኖች ቅርብ ነበሩ። እነሱን አልፌ ወደ ላይ ወጣሁና ፍሬ የተሸከመ ሐረግና የጥቅምት ነፋስ የማይጥሉትን ወፍራም ወፍራሙን መረጥኩ። ሰኔ ላይ እሄዳለሁ ያልኳቸው ሰው አሁን ኦሃዮ ናቸው፤ ቀረሽ ብሎ የሚታዘበኝ የለም።

እንጨቱን በመዶሻ ስመታ ድምፁ ከአክስት አርዜላ ባዶ ቤት ግድግዳ እየነጠረ ይመለሳል። እዚያም አንድ ሰው ለአደንጓሬው እንጨት የሚተክል ይመስላል። መዶሻዬን አውርጄ አዳመጥኩ። እሱም አቆመ።