ሦስት እማኝ የተጠራበት ምስጢር

የደባርቅ ከተማ ሰው ልደቱን የሚያውቀው በበቅሎ ደላላነቱ ነው። ጆሮ ጠቢ መሆኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጆሮውስ፣ ታች ቆላው ድብ ባሕር ላይ ሰው ሲያስነጥስ እዚህ ሆኖ «ይማርህ» ይላል። መጻፍ ግን አይሆንለትም፤ የቃረመውን ወሬ ሁሉ የሚጽፍለት ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ጥላ ማመልከቻ የሚጽፈው ሀብተ ሚካኤል ነው። ሽማግሌው «እኔ ብዕር ነኝ እንጂ አፍ አይደለሁ» እያለ ራሱን ሲያታልል ኖሯል።

«ዛሬስ በማን ነው?» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«በእርስዎ ነው። አይቀየሙኝ ጋሼ፣ ሥራ ነው። ‹ለፀረ ሰላም ኃይሎች ደብዳቤ ይጽፋል› ይበሉ። ስምዎን እስከ አያት ይሙሉልኝ፤ አላውቀውም።»

ሀብተ ሚካኤል ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱ ከደረሰ ወኅኒ መውረዱ ነው። ቢሆንም ቃል ሳያስቀር፣ እንዲያውም አሳምሮ ጻፈና፣

«እማኞችህስ?» አለ።

«የምን እማኝ?»

«አልሰማህም እንዴ? አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ሦስት እማኝ ካልፈረመበት ጥቆማው ውድቅ ነው።»

መመሪያ ሲባል የልደቱ ወገብ በራሱ ጊዜ ይታጠፋል። ብድግ ብሎ «የእማኝ ያለህ!» እያለ ጮኸ። ሽንኩርት ሻጯ ገበያነሽ መጣች፤ ባጃጅ ነጂው ዝናቡ መጣ። ሦስተኛው ከጊች መንደር የመጣ ድረስ የሚባል በቅሎ አከራይ ነው፤ አምና ማን እንደጠቆመበት ሳያውቅ ሰባት ወር ታስሮ የተፈታ። ሦስቱም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ።

«ሳይነበብ አናትምም» አለች ገበያነሽ።

ሀብተ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ዲያቆን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«አንተ ልክስክስ!» አለች ገበያነሽ ወደ ልደቱ ዞራ። «ልጄን ክርስትና አንስተህ የለም ወይ? ቤቴ የምትመጣው ለዚህ ኖሯል?»

ልደቱ ወረቀቱን ነጥቆ ጎረሰው። ሲያላምጠው ከፍየል አያንስም ነበር።

ዝናቡ ሳቀ። ድረስ አልሳቀም።

«የኔንስ የጠቆመው ይኸ ነው እንበል» አለ። «የጻፈው ማነው?»

ልደቱ አፉ ሞልቶ ስለነበር በጣቱ አመለከተ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለ ሀብተ ሚካኤል።

ድረስ ቀለም የነካ ጣቱን አየት አደረገ። ግማሹን በልደቱ ኮት ላይ ጠረገ፤ የቀረውን በሽማግሌው ነጭ ጋቢ ላይ አሸት አሸት አድርጎ አጸዳና በቅሎዎቹን ነድቶ ሄደ።