ላኑስ ከማን ጋር ይቃጠል?

ላኑስ ሞቶ በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት የመንደሩ ማኅበር ሰብሳቢ ሙድራ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሬምፒ ግቢ መጣ። በባሊ ሙት ተቀብሮ ይቆያል፤ ነፍሱ ወደ ወዲያኛው ዓለም የምትሻገረው አስከሬኑ ወጥቶ ሲቃጠል ነው። ባሏን ለብቻው ታቃጥለው እንደሆነ፣ ወይስ ከወር በኋላ ማኅበሩ የመንደሩን ሙታን በአንድ ቀን ሲያቃጥል አብሮ ይሄድ እንደሆነ ጠየቃት። ለብቻው፣ አለች ሳታመነታ። የላይኛውን የሩዝ ማሳ ሸጣ፣ ባሊ አይታው የማታውቀውን የእንጨት በሬ አስጠርባ፣ በሱ ውስጥ ልትሸኘው ነው።

መንደሩ «ሚስትስ እሷ» አለ። እሷ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ጣውንቷ ሳንዳት ከሦስት ዓመት በፊት ሞታ፣ መቃብር ውስጥ ሆና የማኅበሩን እሳት እየጠበቀች ነው። ላኑስ ከማኅበሩ ጋር ከሄደ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጋድመው አብረው ሊወጡ ነው። ይህን ሬምፒ ቆማ አታይም። ሰውየው ለእሷ በከንፈሩ፣ ለሳንዳት በሠላሳ ሁለት ጥርሱ ሲስቅ ነው የኖረው። ሳንዳት ከተቀበረች በኋላ እንኳ የሚያዋጋውን አውራ ዶሮ በብብቱ ይዞ መቃብሯ ድረስ እየሄደ፣ ዶሮው ማንን እንዳሸነፈ ሲያወራላት ሬምፒ በዓይኗ አይታለች።

ማሳው ገዢ ባገኘ ማግስት የሳንዳት ልጅ ዊራስቲ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛ መጣች። ለብቻው የሚያቃጥል ሰው፣ ሌላ የቤተሰብ ሙት ተከትሎ አብሮ ይቃጠል ሲባል እምቢ ማለት ነውር ነው። ልጅቷ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«እማዬ፣ እናቴ አባባን ትከተለው» አለች።

«እናትሽ በሕይወት ሳለች ሳትጠራ ነው የገባችው። አሁን ማስፈቀድ ከየት ለመደች?»

«ሞት አስተማራት እንበል» አለች ዊራስቲ፤ ሳቀችም። ሳቋ ቁርጥ የእናቷ ነው።

ሬምፒ ሩዙን ሳትነካ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ሙድራ ገሰገሰች። የማኅበሩ ሙታን በማቃጠያው ዳስ ውስጥ በምን ተራ እንደሚደረደሩ ጠየቀችው። በተቀበሩበት ቀን ነው፣ ባልና ሚስት አይል፣ ሀብታምና ድሃ አይል፣ አላት። ሳንዳት ሦስተኛ ናት፤ ላኑስ የመጨረሻው፣ ሠላሳ አንደኛ ይሆናል።

«አጠገቡ ማን አለ?»

«ጆሮው የማይሰማው ቀጥቃጭ።»

«እንግዲያው ከማኅበሩ ጋር ይሁን።»

ሙድራ ግራ ገባው። ያ ሁሉ በሬ ሲወራለት ከርሞ መንደሩ ምን ይላል ቢላት፣ መንደሩ የሚለው አጥቶ አያውቅም አለችው። እውነትም አላጣም፤ ቋጣሪ አላት፣ ባሏን ከማሳ አሳነሰችው አላት። ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቀው ሬምፒ ሁሉንም ዋጠችው።

በማቃጠያው ዕለት ከሦስተኛው እስከ ሠላሳ አንደኛው በእግሯ ለካች። ሃምሳ ስምንት እርምጃ። ደስ አላት፤ እሳቱ ሲለኮስም ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አመዱ ለባሕር ተሰጠ። አጠገቧ የቆመችው ዊራስቲ አመዱ የነበረበትን ባዶ የኮኮናት ቅርፊት አሸዋው ላይ አስቀምጣ፣ «ተመስገን፣ አብረው ባሕር ገቡ። ዛሬውኑ ይገናኛሉ» አለች፤ ለክፋት አልነበረም።

ሬምፒ ዞር ብላ ማኅበሩ ቀጥሎ የሚያቃጥለው መቼ እንደሆነ ሙድራን ጠየቀችው።

«ከአምስት ዓመት በኋላ። ምነው?»

አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ብቻቸውን! ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ አልወለቀም፣ ጉልበቷም ጉንፋንም አንድ ቀን አስተኝቷት አያውቅም። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤንነቷ አናደዳት።