ለሰው አይሰጥም

"የእትዬ ታየች ቤት ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አይደል?" አለ ወንድሟ እንድርያስ፣ ሰላም እንኳን ሳይላት።

አዜብ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳችም። "እኔ ጋ ነው። ምነው?"

"ጠዋት ሆስፒታል ገብተዋል። ኩላሊታቸው ነው አሉ። ፍሪጁ ውስጥ፣ ከእንቁላሉ ጀርባ ትናንሽ ብልቃጦች አሉ። ልጃቸው ከፐርዝ ሳትደርስ ሄደሽ ጣያቸው።"

"የምን ብልቃጥ?"

"የማቅጠኛ መርፌ። ከእኔ ነው የወሰዱት።" የሚሸጥበትን ድረ ገጽ ስም ነገራት።

ስሙን ታውቀው ነበር።

አዜብ የምትሠራው በኢንተርኔት ለሚነግዱ ሰዎች የካርድ ክፍያ በሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ ነው። ሻጮቹ ሕግ ማክበራቸውን እየመረመረች የስጋት ደረጃ ትሰጣቸዋለች። ይህንን ድረ ገጽ ባለፈው ወር አይታዋለች። "ለምርምር ብቻ የሚውል ኬሚካል፤ ለሰው አይሰጥም" ይላል። ከሥሩ ግን ደንበኞች በሁለት ወር ስምንት ኪሎ ቀነስን እያሉ ያመሰግኑበታል። የላቦራቶሪ አይጥ ምስጋና አይጽፍም። የጥራት ምስክር ወረቀቱም ለሚሸጡት አሥራ አንድ ዕቃዎች ሁሉ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነበር። ሁሉንም አይታ ነበር። ነገር ግን አለቃዋ ሃያ ፋይል ካልጨረስሽ ብሎ ሲጮህባት የዋለበት ቀን ነው፤ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበውም እንድርያስ ሳይሆን የማታውቀው ሰው ነበር። "ስጋቱ ዝቅተኛ" ብላ አሳለፈችው።

ከሥራ አስፈቅዳ በባቡር እትዬ ታየች የሚኖሩበት ሰፈር፣ ኬንሲንግተን ወረደች። እሷና ወንድሟ ስደተኛ ሆነው ሜልበርን የገቡ ጊዜ፣ እትዬ ታየች በዚች ባለ ሁለት ክፍል ፍላት ሁለት ዓመት ሙሉ አኑረዋቸዋል። በሩን ስትከፍት እንድርያስ ከሚኖርበት ፖይንት ኩክ መኪናውን ነድቶ ከኋላዋ ደረሰ።

"እንዳታጓትቺው ብዬ ነው" አለ።

ፍሪጁን ከፈተች። ብልቃጦቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ባዶ፣ ሦስተኛው እስከ ግማሹ ፈሳሽ ያለበት።

"ምን ብለህ ሰጠሃቸው?"

"ቫይታሚን።"

"እንድርያስ!"

"ላዩ ላይ ለሰው አይሰጥም ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻሏ የእኔ ጥፋት ነው?"

"እሳቸው" ማለቱን እንደተወ አዜብ ልብ አለች። እሱ ግን ይስቅ ነበር።

"ደግሞስ ያሳለፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? የማጽደቂያው ኢሜይል ላይ ስምሽን ሳይ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እኔ ከተያዝኩ አንቺም አትቀሪም።"

"ለሐኪሞቹ ነግረዋቸዋል?"

"ምንም አልወሰድኩም በይ ብያታለሁ። እሷ እንደሆነች ሰው አታስይዝም። በይ አምጪው።"

አዜብ ጀርባዋን እንደሰጠችው ሦስተኛውን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ዞር ብላ ሁለቱን ባዶዎች ሰጠችው።

"ሌላስ?"

"ጨርሰው ጥለውት ይሆናል።"

ፍሪጁን ራሱ ከፍቶ ከእንቁላሉ ጀርባ ዳበሰ። ከዚያ ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ።

ሆስፒታል ስትደርስ የእትዬ ታየች ፊት አብጦ ዓይናቸው ሊከደን ምንም አልቀረውም። አንዲት ወጣት ሐኪም አስተርጓሚ እየጠበቀች ኖሮ፣ አዜብን ስታይ እፎይ አለች።

"ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመበትን ምክንያት አላወቅንም። ሳናውቅ የምንሰጣቸው ነገር ጭራሽ ሊጎዳቸው ይችላል። ካዘዝንላቸው ሌላ የወሰዱት ነገር እንዳለ ጠይቂልኝ።"

አዜብ በአማርኛ ደገመችላቸው።

"ምንም በያት" አሉ እትዬ ታየች።

"እትዬ፣ ሊሞቱ ይችላሉ እኮ!"

"ልሙታ። ከአፌ ነጥዬ ያበላሁት ልጅ ነው፣ በእኔ ምክንያት አይታሰርም።" ባበጡ ጣቶቻቸው እጇን ጨበጡ። "አንቺም ልጄ ነሽ። ካስያዝሽው ግን ዓይንሽን እንዳላየው።"

"ምን አሉ?" አለች ሐኪሟ።

"ምንም" የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። አንዲት ቃል ናት። ወንድሟም፣ ሥራዋም፣ የእኚህ ሴት ፍቅርም በዚያች ቃል ይተርፉላት ነበር። ደግሞም መዋሸት አይሆንባትም፤ ያሉትን ብቻ ነው የምትተረጉመው።

ነጻ በነበረው እጇ ብልቃጡን ከኪሷ አውጥታ ለሐኪሟ ሰጠቻት።

"ይህንን በመርፌ ሲወጉ ነበር። ቫይታሚን ነው ብሎ የሰጣቸው ወንድሜ ነው፣ እንድርያስ ይባላል።" ስሙን ፊደል በፊደል አስጻፈቻት። "ድረ ገጹን መርምሬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው።"

እትዬ ታየች ከእንግሊዝኛው የእንድርያስን ስም ለይተው ሰሙ። እጃቸውን መንጭቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ውጪልኝ" አሉ።

አዜብ ወንበር ስባ ከጀርባቸው ተቀመጠች።