ሞንትሪያል የደረሰው መጋዘን ጠባቂ

«ከአዋሽ ርቆ አያውቅም ብለሽ ያነበብሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ሽማግሌው፣ እግዜር ያጽናሽ እንኳ ሳይሉ።

ኑሀሚን ቀና አለች። ከትናንት በስቲያ ቀብሩ ላይ የአባቷን የሕይወት ታሪክ ያነበበችው እሷ ነበረች። መርዶውን ሰምታ ከሥራዋ፣ ከሰመራ፣ እንደመጣች በግማሽ ገጽ የጻፈችው ነው። አቶ ይታያል፣ የባቡር ጣቢያው መጋዘን ጠባቂ፣ ዝምተኛ፣ ከአዋሽ ርቀው የማያውቁ። ሌላ የሚጻፍ አላገኘችም።

«እኔ ነኝ» አለች በቀስታ።

«ከኋላ ቆሜ ሰማሁሽ። ሁለት ቀን ሆቴል ተቀምጬ ልንገራት ወይስ ልተዋት ስል ሰነበትኩ። ሣህሌ እባላለሁ። ከአባትሽ ጋር አንድ ክፍል ኖረናል።»

«የት?»

«ሞንትሪያል። ኦሎምፒክ መንደር።»

የአቴንስ ኦሎምፒክ ሰሞን ነበርና የለቅሶው ድንኳን ጥግ ያሉት ወንዶች ስለ ሩጫው እያንሾካሾኩ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ፈንታ በዚያ የነሐሴ ሙቀት ጋቢ ደርቦ የተቀመጠው ሬዲዮ ለመደበቅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አሁን ግን ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አባባ፣ ቤት ተሳስተው እንዳይሆን» አለ ጋሽ ፈንታ። «ላይኛው ሰፈርም ለቅሶ አለ።»

«የኛ ይታያል?» አለች ጎረቤቷ ሀምዳ። «ወላሂ፣ አውቶቡስ ሲያመልጠው እንኳ ሲሮጥ አላየሁትም።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ፎቶ አወጡ። አረንጓዴ ቱታ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ተቃቅፈው ቆመዋል፤ አንደኛው ይስቃል። ኑሀሚን ያንን ሳቅ አይታው አታውቅም። ፍንጭቱን ግን ታውቀዋለች፤ የራሷም ጥርስ እንደዚያው ነው። ፎቶውን ከእጃቸው ወሰደች።

አሥረኛ ክፍል ሳለች በሦስት ሺህ ሜትር አንደኛ ወጥታ ዱብቲ ለሚደረግ ውድድር ተመርጣ ነበር። የወላጅ ፊርማ ተጠየቀች። አባቷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ መለሰላት። «ይቅርብሽ» አለ። ለምን ብትለው ኮቱን አንሥቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሴት ስለሆንኩ ነው ብላ ቆረጠች። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ የዘለለ ቃል አልተለዋወጡም፤ ሰመራ ሥራ ስትይዝ እንኳ ደስ ያለሽ ሲላት «እሺ» ብቻ ነበር ያለችው።

«አሥር ሺህ ሜትር ነበር የሚሮጠው» አሉ ሽማግሌው። «ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ስለላከች፣ እሷ ካልተባረረች አፍሪካ አትወዳደርም ተባልን። ልክ ነው ብለን አጨበጨብን። ሻንጣ ስናስር ግን ማንም የማንንም ፊት አላየም።»

«ከዚያስ?»

«አራት ዓመት ጠብቁ አሉን። ጠበቀ። በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱን ተጎዳና በዚያው ቀረ። የቀረንበትን ምክንያት አንድ ቀን ነቅፎት አያውቅም። አንቺ የተመረጥሽ ሰሞን ግን ከጣቢያው ስልክ ደወለልኝ። ፈርምላት አልኩት። እንደኔ ከበር ስትመለስ ለማየት አቅም የለኝም አለኝ።»

ኑሀሚን ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ስሮጥ እኮ አይቶኝ አያውቅም።»

«አያውቅም? ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ ሰዓት ይይዝልሽ አልነበር! የመጨረሻው ዙር ላይ ከኔ ትፈጥናለች እያለ ስንቴ ነግሮኛል።»

ሀምዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ፈንታ አንገቱን ደፋ።

ኑሀሚን ግን አላለቀሰችም። ከመርዶው ቀን ጀምሮ የደረቀው ዓይኗ አሁንም ደረቅ ነበር። ሽማግሌው ለእንግዳ በተደረደረው አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ዞር ሲሉ የኮታቸውን ጫፍ ያዘች። የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ፣ ሦስት ቀን ብቻዋን በተቀመጠችበት፣ ፈቀቅ አለችና አጠገቧ የተለቀቀውን ቦታ በመዳፏ አስተካከለችላቸው።