አንድ ቀለም የጎደለው ሙሾ

መምህር ወልደሰንበት ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ግጥም ነው። የየስንኙን ቀለም፣ የቃሉን ድምፅ አንድ በአንድ፣ በጣቱ ካልቆጠረ እንቅልፍ የማይወስደው ጉድ! ሚስቱ እታገኝ ሥራ ላይ ሆና ስታንጎራጉር እንኳ "እዚህ ጋ ምቱ ተሰብሯል" እያለ ሲያርማት ኖረ። ኋላ ማንጎራጎሩንም ተወችው።

እነሆ ዛሬ ሠልስቷ ነው። አቃቂ በሰቃ፣ ደጃፉ ላይ በተተከለው የዕድር ድንኳን ውስጥ፣ አንድያ ልጃቸው ሃሌሉያ የእናቷን ፎቶ ታቅፋ ተነሳች። አክስቷ አሰፋች "እኔ ጋ ሳሪስ ትኑር" ብላለች፤ ልጅቷ ደግሞ "አባዬ አትሂጂ ካለኝ እቀራለሁ" ብላ መልሳለች። ወልደሰንበት ይህን በጆሮው ሰምቷል። እንድትቀርለት አጥብቆ ይፈልጋል፤ ያለሷ ማን አለው?

ሃሌሉያ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ሙሾ አወረደች፦

እናቴ ተነሺ ማን ያጫውተኛል፣
አባዬ ቁጭ ብሎ ቀለም ይቆጥራል።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። የወልደሰንበት ጣቶች ግን ጋቢው ስር ሥራ ጀመሩ። መንቶ ነው፣ ሁለት ስንኝ፤ የወል ቤት፣ ሐረጉ ስድስት ቀለም። ስድስት፣ ስድስት። ቤቱም "ል" ላይ ደህና ይመታል። ሁለተኛው ግን ስድስት... አምስት! ደግሞ ቆጠረ። አምስት ነው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ልጅቷ መጥታ እግሩ ስር ተንበረከከች።

"አባዬ" አለችው። የጋቢውን ጫፍ ያዘች።

"አንድ ቃል በላት እንጂ፣ ጋሼ!" አለች አሰፋች ከኋላ።

ሆዱ ውስጥ "አትሂጂብኝ" የሚል ነገር ነበር፤ ማርያምን ነበር! ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ሁለተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ጎድሎታል፣ ልጄ።"

ሃሌሉያ ትክ ብላ አየችው። ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሳች።

"እማዬንም እንዲህ ነው ያደረግካት" አለችው።

ከሰዓት ድንኳኑ ሲነቀል ከአክስቷ ጋር ታክሲ ተሳፍራ ሄደች። ወልደሰንበት ባዶ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስንኙን ማቃናት ጀመረ! "ቀለም" የሚለውን አውጥቶ በቦታው ሌላ ቃል ፈለገ። አገኘም። ልክ ስድስት፣ እንከን የማይወጣለት፦

አባዬ ቁጭ ብሎ ብቻውን ይቆጥራል።

ደስ አለው፤ ምን ዋጋ አለው! አዲሱ ስንኝ ምን እንደሚል እንኳ ልብ ሳይል ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ።

"ሃሌሉያ! ሞላልሽ እኮ!"