የግብርና ሚኒስትሩ ዶሮዎች

ኃይለመለኮት ዶሮ ላረባ ነው ያላት ዕለት፣ ሚስቱ ዕፀገነት ከሂትሮው አየር ማረፊያ የጽዳት ሥራዋ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አልሳቀችም፤ መሳቅም ጉልበት ይጠይቃል።

«ለምን?» አለችው።

«ሰው ወደፊት የሚመራውን ነገር በእጁ ነክቶ ማወቅ አለበት» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይለመለኮት በዘጠና ሰባቱ ምርጫ አዲስ አበባ አንድ የምርጫ ጣቢያ ውስጥ ታዛቢ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ግርግሩ ሲነሣ ታስሮ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። ለንደን ከገባ ወዲህ ግን ያቺ የታዛቢ ወንበር እያደገች ሄዳ መጀመሪያ አስተባባሪ፣ ቀጥሎ አደራጅ፣ በመጨረሻም «ትግሉን ከመሩት አንዱ» አደረገችው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አርችዌይ አንድ ካፌ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስበው፣ ወደፊት የሚያቋቁሙትን መንግሥት ይደለድላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ በዕድሜ ለሚበልጧቸው ለጋሽ ገብረመድኅን ሆነ፤ ገንዘቡ ለደግፌ። ግብርና ደግሞ፣ ገብስን ከስንዴ ለማይለየው ለመርካቶ ልጅ ለኃይለመለኮት ደረሰ።

ዶሮዎቹ በመስከረም መጡ፤ አራት ቀያይ እንቁላል ጣዮች። ከሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው ቤታቸው ጓሮ፣ ሰው አውጥቶ ከጣለው ቁም ሣጥን የዶሮ ቤት ቀጠቀጠላቸው። ቆጡ ዘመመ፣ በሩ አልገጥም አለ፤ እሱ ግን አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣና ለሚኒስትሮቹ ሁሉ ላከ። እንግዳ ሲመጣ እንቁላሉን እያቀረበ «የራሴ ምርት ነው» ይላል። ኩሱን የምትጠርገው ማን እንደሆነች አይናገርም። ዕፀገነት ሥራ ስትሄድ «አንቺ ሂጂ፣ ቀን ቀን እኔ አለሁ» ይላታል። ሥራ ስለሌለው እውነትም ቀን ቀን አለ።

በታኅሣሥ መግቢያ ለንደን ላይ በረዶ ወረደ። አውሮፕላን መሬት ላይ ቀረ፣ ባቡሩ ተቆራረጠ፤ ዕፀገነትም «እስክንደውልልሽ ቤት ቆዪ» ተባለች። ባሏ ቀን ቀን እንዴት እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየች። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን የቤት ማሞቂያው ራዲያተር ላይ አስደግፎ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ አገር ልማት ከማያውቀው ሰው ጋር ይከራከራል።

«ዶሮዎቹን አየሃቸው?» አለችው።

«በመስኮት አያቸዋለሁ።»

«ውኃስ ሰጠሃቸው?»

«ዶሮ ላባ አላት ዕፀገነት። ብርድ አይነካትም። የተፈጥሮ ጉዳይ ነው።»

«ውኃውስ ላባ አለው?»

መልሱን አልጠበቀችም፤ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። የውኃው ሳፋ እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል፤ ዶሮዎቹ በመንቁራቸው ሲወጉት ከርመው መሐሉ ተጫጭሯል። ቤታቸውን ኃይለመለኮት «ብርድ እንዳይገባ» ብሎ ዙሪያውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በፕላስተር አሽጎታል። በሩን ስትከፍተው ዓይን የሚያቃጥል የኩስ ሽታ ፊቷን መታት። ግድግዳው ያልበዋል፤ ሰጋቱራው ርሶ ጭቃ ሆኗል። ሦስቱ ዶሮዎች ቆጡ ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል፤ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፍ ጫፉ ጠቁሯል። አራተኛዋ ከሥር ወድቃ ደርቃለች።

ጎረቤታቸው ሚስተር ክላይቭ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በረዶ የሚጠርግበትን አካፋ ይዞ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ጃማይካዊ ነው፤ ብርድን አርባ ዓመት ሲሰድበው ኖሯል።

«የገደላት ብርዱ አይደለም፤ እርጥበቱ ነው» አላት። «ይህን ፕላስቲክ ቅደጂው። ከላይ አየር ይግባላቸው፤ ታችኛውን ብቻ ከነፋስ ጋርጂ። ብርዱ እንዳይበላው ራሳቸው ላይ ያለውን ሥጋ ቫዝሊን ቀቢላቸው።»

ዕፀገነት በወጥ ቤት ቢላ ፕላስቲኩን ተረተረችው። ጭቃውን ዝቃ ደረቅ ሰጋቱራ ነሰነሰች፤ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ብብቷ ውስጥ ይዛ ራሳቸውን ቫዝሊን ቀባች። በረዶው እስኪያባራ ድረስ ለብ ያለ ውኃ አመላለሰች። ዶሮ ወድዳ አይደለም። የተጠማ ነገር በመስኮት እያየ የሚቀመጥ ሰው፣ ለቤቷ አንድ ይበቃል ብላ ነው።

የሞተችውን ይዛ ስትገባ ኃይለመለኮት ከራዲያተሩ ሳይነሣ አያትና «ቀበሮ ነው» አለ።

«ቀበሮ ገድሎ ሳይበላ ይሄዳል?»

«ለሰዎቹ ቀበሮ በላት እንላለን። ብርድ ገደላት ከተባለ የአያያዝ ችግር ያስመስላል።»

ዕፀገነት የደረቀችውን ዶሮ እንደያዘች ባሏን ትክ ብላ አየችው። ይህን ሁሉ ዓመት የሚያናድዳት ይመስላት ነበር። ንዴት እንዳልሆነ፣ ሰውየውን እንደናቀችው፣ ያን ጊዜ ገባት። ንዴት ቢሆን ትጮኽበት ነበር።

ገና ሲቃረብ በረዶው ተመልሶ መጣ። ኃይለመለኮትም ማንንም ሳያማክር «የገና ዕለት የጓሮዬን ዶሮ አርጄ አበላችኋለሁ» ብሎ ሚኒስትሮቹን ጠራ። በዋዜማው ዕፀገነት ቁሌቱን ጣደች፤ ቢላውን ሳለችና ሰጠችው። ማረድ የወንድ ወግ ነው።

የቆዳ ኮቱን ለብሶ ወጣ። አሁን በመስኮት የምታየው እሷ ነበረች። አንዷን በክንፏ ያዘ፤ ስታርገፈግፍበት ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቃት። ሁለተኛዋን ሊይዝ ሲንደረደር በረዶው አዳለጠውና በመቀመጫው ቁጭ አለ። ብድግ ሲል መጀመሪያ ያየው ቁስሉን አይደለም፤ ሰው አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ነው። ከዚያ ገባ።

«ቢላው አይቆርጥም።»

«አሁን ነው የሳልኩት።»

«እንግዲያው ዶሮዋ አሟታል። የታመመ አይታረድም።»

ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ የተገነጣጠለ የሱፐርማርኬት ዶሮ በፌስታል፣ ፌስታሉን ደግሞ ኮቱ ሥር ሸጉጦ ነበር። «ዝም ብለሽ ጨምሪው። ማን ያውቃል?» አላት። ጨመረችው።

በማግስቱ ጋሽ ገብረመድኅንና ደግፌ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ጋሽ ገብረመድኅን አንድ ጉርሻ እንደዋጡ «ይኼ ነው ዶሮ! ፋብሪካ ያልነካው!» አሉ።

«በእጄ ያሳደግኳት፣ በእጄ ያረድኳት ናት» አለ ኃይለመለኮት።

ደግፌ ሲጋራ ሊያጨስ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ግራ የተጋባ መሰለ።

«ኃይሌ፣ ዶሮዎቹ ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«አንዷን ቀበሮ በላት ብለኸናል። አንዷን እኛ እየበላን ነው።» ጣቶቹን አጠፈ፤ ገንዘብ ሚኒስትር አይደል! «ውጪ ግን ሦስት ቆመዋል።»

ኃይለመለኮት ሚስቱን አያት። አስተያየቱን ታውቀዋለች፤ የቤት ኪራይ ሲዘገይ አከራዩ በር ላይ ሲቆም፣ የሥራ ቀጠሮ ረስቶ ሲቀር የሚያያት እንደዚያ ነው። ሁልጊዜም አንድ ነገር ፈጥራ ታወጣው ነበር። አሁንም ‹የጎረቤት ዶሮ ናት› ብትል ያልቅ ነበር።

«የምትበሏት የሱፐርማርኬት ናት» አለች። «ማረድ ፈርቶ በረዶ ላይ ወደቀ። የሞተችዋንም ቀበሮ አልበላትም፤ ውኃና አየር አጥታ ነው የሞተችው። እሱ ራዲያተር ታቅፎ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ የምትውጠው መስሏት ጠበቀች። ጋሽ ገብረመድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሰው አገር መቼም... ዋናው በዓሉ ነው» አሉና እንቁላሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ደግፌ ተቀምጦ መረቁን በእንጀራ ጠረገው። ኃይለመለኮትም «ትግል ላይ ያለ ሰው ለዶሮ ጊዜ የለውም» አለ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዕፀገነት የመጣው ሁሉ እስኪሄድ ወጥ ቤት ቆማ ቆየች። ቢያንስ ያፍራል ብላ ነበር። እሱ ካላፈረ እንኳ እነሱ ያፍሩለታል ብላ ነበር። እስከዚያ ቀን የናቀችው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አርችዌይ ተሰብስበው ግብርናን ወሰዱበትና ውጭ ጉዳይን ሰጡት። ኃይለመለኮት ፊቱ በርቶ ገባ፤ ኮቱን እየሰቀለ ሹመቱን ነገራት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያሳፈርሽኝን ነገር ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

ዕፀገነት ወለሉ ላይ በርከክ ብላ ሦስቱን ዶሮዎች የሙዝ ካርቶን ውስጥ እያስገባች ነበር። ሚስተር ክላይቭ ጓሮው ውስጥ ደረቅ መጋዘን አለው፤ ቆጥ ሠርቶላቸው እየጠበቀ ነው።

«የት ልትወስጃቸው ነው?» አላት።

«ሰው ቤት» አለችውና ካርቶኑን ታቅፋ በሩን በእግሯ ገፍታ ወጣች።