ደሴቱና የጠበበው ሱሪ

ባለቤቴ ወደ ደሴት እንሂድ ያለኝ የደንበኛ ኮት ገበር ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ነው። ቀና ሳልል፣ «ምን ልንሠራ?» አልኩት።

«ልንኖር።»

ቀልድ መስሎኝ መስፋቴን ቀጠልኩ። እሱ ግን መቀሱን አስቀምጦ ስለ ታናሽ እህቱ ያወራልኝ ጀመር። ከባሏ ጋር እዚያ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው፣ ባሕሩ ከደጃፍ ነው፣ መኪና የለም፣ ጩኸት የለም። መጋረጃና አንሶላ የሚሰፋላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ በጓሮ በኩል ባዶ ክፍል አለ።

መጠርጠር የጀመርኩት «ጩኸት የለም» ሲል ነው። ሱቃችን ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት ነው፤ ከታች እንሠራለን፣ ከላይ እንተኛለን። ጎማ ጠጋኙ ያልከፈተ ቀን ባለቤቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ቢል እንኳ ሲገላበጥ ይውላል እንጂ አይተኛም። መዶሻ ካልሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ጸጥታ አማረኝ ይላል?

እህቱ የላከችለትን ፎቶ በስልኩ ያሳየኝ ነበር። አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ውሃ።

«ሰዎቹስ?» አልኩት።

«ጸጥ ያለ ቦታ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ደህና ቦታ ቢሆን ሰው ይሞላው ነበር።»

«አንቺ እሜቴ፣ ገነት በር ላይ ብትደርሺም፣ እዚህ የነበሩት ምን አግኝቷቸው ወጡ ብለሽ ሳትጠይቂ አትገቢም።»

ሳቅኩ፤ ግን አልተዋጠልኝም። እህቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። እኔ ብቅ ስል ድምፁን ከፍ ያደርግና ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

ነገሩን ያባባሰው የጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ፎጣ እያራገፈ፣ «እህቴ፣ ሰውዬሽን ምን እያበላሽው ነው?» አለኝ። «ሱሪው ልክክ ብሎበት፣ ጺም አሳድጎ፣ ሙሽራ መስሏል እኮ! ላስተካክልልህ ብለው አላስነካም አለኝ።»

ወደ ሱቅ ስገባ ባለቤቴን እንደ አዲስ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አየሁት። እውነቱን ነው። በዚያ በሰፊ ሱሪው ሰፈሩ ሁሉ የሚቀልድበት ሰው፣ አሁን ሱሪው በልኩ የተቆረጠ ሆኗል። መቼ ሰፋሁለት? አልሰፋሁለትም። በእኛ ቤት እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። እሱ የስፌት መኪናዬ ላይ አይቀመጥም፣ እኔም መቀሱን አልነካበትም።

በሌላ ቀን ቁልፍና ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ነጭ ክር የተውኩበት መኪና ላይ ጥቁር ክር አገኘሁ።

«መኪናዬን ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል?» አለ፣ ፊቱን ከጨርቁ ሳያነሳ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ጺሙ፣ ሱሪው፣ የጓሮው ስልክ። ደሴቱ ላይ ሴት አለች፤ አገናኟ ደግሞ እህቱ ናት። ታዲያ እኔን ለምን ይወስደኛል? ለሽፋን። ሲተኛ ሹራብ የማያወልቀውስ? ገላውን ሊነፍገኝ ነው። ያኔ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

«አሰብሽበት?» ይለኛል በየጠዋቱ።

«ምን ያስቸኩልሃል?»

«ብርዱ። አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።»

አንድ ቀን ጨርቅ ሊያመጣ ሲወጣ ሱሪውን ልተኩስ ካውያ አሞቅኩ። ኪሱን ልበረብር ነበር ሐሳቤ። ገልብጬ ስይዘው ግን እጄ ቆመ። ጎኑ ላይ የታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ወፍሮ እጄን ሞላው። ባለቤቴ ትርፍ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ሰው ይወፍራል፣ ልብሱ አብሮት መስፋት አለበት ይላል፤ ለደንበኛ ሁሉ ትርፍ ይተዋል። ያስደነገጠኝ እሱ አልነበረም። ስፌቱ አንድ አልነበረም። አንዱ መስመር ከሌላው አጠገብ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ጠበብ እያለ ወደ ውስጥ ገብቷል። ለሴት ብሎ የሚሽቀረቀር ሰው ሱሪውን አንድ ጊዜ ያጠባል። ደጋግሞ የሚያጠበው ምን ሆኖ ነው?

ካውያውን ነቀልኩት። ሲመለስ ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት።

«ቁም፣ ልለካህ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሹራብህን አውልቅ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። ሹራቡ ሲወልቅ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ታዩኝ። ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞርኩት፤ ቁጥሩን ግን አላነበብኩትም።

«ስሟ ማን ነው ልልህ ነበር ሐሳቤ» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበትና ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። «እኔን የሚፈልግ ሐኪሙ ብቻ ነው፤ እሱም ተስፋ ቆርጧል» አለኝ።

«እና ደሴቱ?»

«እዚህ ብቻሽን እንዳትቀሪ ነው። እዚያ ከለመድሽ በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

«አሁን ብትነግረኝስ?»

«አትሄጂማ!»

«አልሄድማ!» ብዬ ጮህኩበት። ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አቁሞ ወደ እኛ አየ።

አልሄድንም። ሕክምናው የሚገኘው እዚህ ነበር፤ መዶሻውም እዚህ ነበር። እየቀነሰ ሲሄድ ሱሪውን ማጥበቡን እኔ ተረከብኩት። ከላይ ባለችው ክፍላችን፣ ቀትር ላይ፣ ጎማ ጠጋኙ እየቀጠቀጠ ሳለ አረፈ።

እህቱ ለቀብር መጥታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ትደውልልኛለች፤ «ነይ፣ ክፍሉ ይጠብቅሻል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ድምፅዋን እመረምራለሁ። ለሞተ ወንድሟ ቃል ስለገባች ከሆነ፣ ሰው ቤት አደራ ሆኜ አልቀመጥም። ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ጠየቅኳት።

«እሱ ባይለምንሽ ኖሮ ትጠሪኝ ነበር?»

ስልኩ ውስጥ ባሕሩ ይሰማ ነበር፤ ያን ያህል ጸጥ ያለም አይደለም።

«አልጠራሽም ነበር፣ እትዬ» አለች። «እፈራሽ ነበር። በሰርጌ ቀን ቀሚሴን አጥብበሽ ሰፍተሽብኝ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው የዋልኩት። ሆን ብለሽ መስሎኝ እስከ ዛሬ ቂም ይዤብሻለሁ።»

ከወንድሟ ሞት ወዲህ ከሰው አፍ የሰማሁት ያልተለሳለሰ ቃል ይህ ብቻ ነበር።

«ቀሚሱ አለ?» አልኳት።

«አለ። አሁንማ አንድ እግሬም አይገባበትም።»

«ውስጡን ገልብጪና ጎኑን እዪው።»

ሳጥን ሲከፈት፣ ጨርቅ ሲገላበጥ ሰማሁ። ከዚያ፣ «ውይ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ጨርቅ!» አለች።

«የቆረጠው እሱ ነው። እኔ እስክመጣ እንዳትነኪው፤ ስፌቱን ፈትቼ ራሴ አሰፋልሻለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ የባለቤቴን መቀስ ከተሰቀለበት ሚስማር አወረድኩት። ስነካው የመጀመሪያዬ ነበር። በሹራቡ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባሁት።